ነጯ ቪትዝ የት ነበረች?

ማስታወቂያው በቴሌግራም የመጣው ሐሙስ ማታ ነው። ነጭ ቶዮታ ቪትዝ፣ የ2004 እ.ኤ.አ ሞዴል፤ «ቀረጥ የተከፈለባት፣ ሊብሬዋ ንጹሕ፣ ጅግጅጋ ያለች፣ አስቸኳይ ሽያጭ፣ ደላላ የለበትም» ይላል። ዋጋዋ 680 ሺህ ብር። ሦስት ፎቶ ተያይዟል፤ አንዱ ከፊት፣ አንዱ ከጎን፣ አንዱ ከውስጥ የተነሳ። ታርጋዋ በነጭ ቀለም ተሸፍኗል።

ስልኩን ያሳዩኝ ጅግጅጋ ገበያ ውስጥ ጨርቅ የሚሸጡ እናት ናቸው። ሰፈሩ ሁሉ «ኤዶ» (በሶማሊኛ አክስት) ይላቸዋል፣ እኔም እንደዚያው። ልጃቸው ኮሌጅ ከጨረሰ ቆይቷል፣ ሥራ ግን አላገኘም። ለዓመታት ካጠራቀሙት ገንዘብ መኪና ገዝተውለት ኮንትራት እንዲሠራ አስበዋል። ሻጩ ደግሞ በማግሥቱ ከጁምዓ ሶላት በፊት 60 ሺህ ብር ቀብድ ካልደረሰው መኪናዋን ለሌላ ሰው እንደሚሰጥ ነግሯቸዋል። «አንተ የሚጽፍ ሰው ነህ፤ ወላሂ እኔ ይኼን ስልክ አላምነውም፣ እስቲ እይልኝ» አሉኝ።

የጠረጠሩት ፎቶውን አይተው አልነበረም። ያሳሰባቸው የሰውየው ችኮላ ነው። ጨርቅ ሲገዙና ሲሸጡ የኖሩ ሰው ናቸውና፣ ጥሩ ዕቃ ያለው ነጋዴ ገዢን እንደማያዋክብ ያውቃሉ።

ዋጋው ለብቻው ምንም አያረጋግጥም። ያን ሰሞን ተመሳሳይ መኪና አዲስ አበባ ላይ ከሚሊዮን ብር በላይ ይጠራባት ነበር። ያገለገለ መኪና በአገሩ ሁሉ የተወደደበት ምክንያት የታወቀ ነው። በ2012 ዓ.ም የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ባረጁ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ጣለ። በጥር 2016 ዓ.ም የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ ዓለሙ ስሜ (ዶ/ር) በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ከእንግዲህ ወደ አገር እንደማይገቡ አስታወቁ። በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 ደግሞ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። ከዚህ ሁሉ በኋላ በአገር ውስጥ ያለች አሮጌ ቪትዝ እንኳ ንብረት ሆነች። አዲስ አበባ የሚኖር ሰው 680 ሺህ የሚል ማስታወቂያ ቢያይ ወዲያው ይጠራጠራል።

ጅግጅጋ ግን ድንበር ናት። ከዚህ ተነስቶ 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ ምሥራቅ የሄደ ሰው ቶጎ ውጫሌ ይደርሳል፤ ከወሰኑ ወዲያ ሶማሌላንድ ነው። እዚያ የሚነዱት መኪኖች በበርበራ ወደብ በኩል የሚራገፉ ያገለገሉ የጃፓን መኪኖች ናቸው። ብዙዎቹ መጀመሪያ ዱባይ ያርፋሉ፤ ራስ አል ኾር የተባለው ሰፈር ለዚሁ ንግድ ተብሎ የተከለለ ነፃ ቀጣና አለው። በዚያ ገበያ መኪና ርካሽ እንደሆነ ከጅግጅጋ እስከ ቀብሪ በያህ፣ ከሐርሺን እስከ ተፈሪ በር የማያውቅ የለም። ስለዚህ እዚህ ዝቅ ያለ ዋጋ ሲሰማ ሰው በልቡ የራሱን ማብራሪያ ያበጃል፤ «ከዚያ ማዶ የመጣች ትሆናለች፣ ቀረጧን ጨርሰውላታል» ይላል። ማስታወቂያውን የጻፈው ሰው ይህን ማብራሪያ መጻፍ አላስፈለገውም። ገዢው ራሱ ይጨምርለታል።

ኤዶን ይዤ ጎረቤታችን ወዳለ መካኒክ ሄድኩ። ጋራዡን ዘግቶ ሻይ እየጠጣ ነበር። የውስጡን ፎቶ ገና ሲያየው «ይኼ ዳሽቦርድ የዚች መኪና አይደለም» አለ። የመጀመሪያው ትውልድ ቪትዝ፣ ማለትም ከ1999 እስከ 2005 እ.ኤ.አ የተሠራው፣ የፍጥነት መቁጠሪያው የሚገኘው በዳሽቦርዱ መሐል ላይ ነው እንጂ ከመሪው ጀርባ አይደለም። በፎቶው ላይ ግን መቁጠሪያው ልክ ከመሪው ጀርባ ተቀምጧል። ውጪው የአንድ መኪና፣ ውስጡ የሌላ ነው።

የጎኑን ፎቶ ጣቱን ዘርግቶ አሰፋው። የፊተኛው ጎማ እስኪሞላው ድረስ ስክሪኑን አሳደገና ዝም ብሎ ቆየ። ከዚያ ስልኩን ወደ እኔ አዞረ። በጎማው ጎን ላይ በጉልህ የታተመው የፋብሪካ ስም ከቀኝ ወደ ግራ ነው የሚሄደው፣ እያንዳንዱም ፊደል ፊቱን አዙሯል። ፎቶው በመስታወት እንደታየ ዓይነት ተገልብጧል።

ፎቶውን በስልኩ መልሶ ገለበጠው። የጎማው ጽሑፍ ቀና፤ በፊት መስታወቱ በኩል የሚታየው መሪ ግን ከግራ ወደ ቀኝ ተሻገረ።

ይህን ተንኮል ለመረዳት ሌላ አገር መሄድ አያስፈልግም። ኢትዮጵያ መንገዷን ከግራ ወደ ቀኝ የቀየረችው ሰኔ 1 ቀን 1956 ዓ.ም ነው፤ ከዚያ ወዲህ መኪኖቻችን ግራ መሪ ናቸው፣ ቀኝ መሪ አስገብቶ ታርጋ ማውጣትም አይቻልም። ሶማሌላንድ ውስጥም ሰው የሚነዳው በመንገዱ ቀኝ ነው፣ መኪኖቹ ግን በአብዛኛው ከጃፓን እንደመጡ ቀኝ መሪ ናቸው። የጅግጅጋ ገዢ ፎቶ ሲመለከት መጀመሪያ ዓይኑ የሚያርፈው መሪው ላይ ነው። መሪው በቀኝ ከሆነ ሳይደውል ያልፈዋል። የማስታወቂያው ባለቤት ይህን ስለሚያውቅ ፎቶውን ገለበጠው። የቶዮታ ዓርማ ደግሞ ግራና ቀኙ እኩል ስለሆነ ቢገለበጥም አያሳጣም። የሚያሳጣው ጽሑፍ ነው፤ ለዚህ ነው ከኋላ የተነሳ ፎቶ ያልነበረው፣ የኋላው በር ላይ የመኪናዋ ስም ተጽፎበታልና። ታርጋዋ ያለበትን ቦታ በነጭ የሸፈነው የባለቤቱን ምስጢር ለመጠበቅ ነው ብለን ነበር። አሁን ሌላ ምክንያት እንዳለው ገባን፣ ከሥሩ ምን እንደነበረ ግን ገና አላየንም።

በዚያው ማታ ኤዶ ለሰውየው ደወሉለት። ተቆጥተው አልነበረም፣ እንደ ማንኛውም ገዢ ነው ያናገሩት፤ የሊብሬውን ፎቶና መኪናዋ ላይ የተመታውን የሻንሲ ቁጥር ፎቶ እንዲልክላቸው ጠየቁት። ድምፁ ትሑት ነው፣ «ኤዶ፣ ምን ችግር አለ» ይላል። ሊብሬው ወዲያው መጣ። የሻንሲው ፎቶ እስከ ጠዋት ዘገየ።

ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀመጥናቸው። ሊብሬው ላይ ያለው ቁጥር 17 ፊደልና አሃዝ ሲሆን የሚጀምረው በላቲኖቹ ቪ፣ ኤን፣ ኬ ነው። በብረቱ ላይ የተመታው ግን አጭር ነው፤ ኤስ፣ ሲ፣ ፒ ብሎ 10 ይልና ከሰረዝ በኋላ 7 አሃዝ ይከተላል። ለማያውቅ ሰው ሁለቱም ትርጉም የሌለው የፊደል ድርድር ነው። መካኒኩ ግን በአንድ ጊዜ አነበባቸው።

ቶዮታ ይህችን ትንሽ መኪና ቪትዝ ይላት የነበረው ለጃፓን ገበያ ነው። ለአብዛኛው ሌላ ዓለም ያሪስ በሚል ስም ይሸጣት ነበር፤ እኛ አገር ሁሉንም ቪትዝ ብንልም። ለአውሮፓ የሚሸጡት ያሪሶች ከ2001 እ.ኤ.አ ጀምሮ ፈረንሳይ ውስጥ ቫለንሲየን በሚባል ከተማ ይገጣጠማሉ፣ የእነዚያ ቁጥር በቪ-ኤን-ኬ ይጀምራል። ባለ 17ቱ ቁጥር ዓለም አቀፍ ደረጃ ነው። ከአንድና ከዜሮ ጋር እንዳይምታቱ ሲባል አይ፣ ኦ እና ኪው የተባሉት የላቲን ፊደላት አይገቡበትም፤ ሊብሬ ላይ ከሦስቱ አንዱን ያየ ሰው ቆም ማለት አለበት። ጃፓኖች ግን ለአገር ውስጥ ገበያቸው የሚሠሩትን መኪና በዚህ ደረጃ አይቆጥሩም፤ የሞዴሉን መለያ ጽፈው ከሰረዝ በኋላ ተራ ቁጥሩን ያስከትላሉ። ቁጥሯ አጭር የሆነች ቶዮታ ማለት እንግዲህ ለጃፓን መንገድ ተሠርታ፣ ከፋብሪካ በቀኝ መሪ የወጣች መኪና ናት። ዛሬ መሪዋ በግራ ሆኖ ቢገኝ እንኳ አንድ ጋራዥ ፈትቶ አዛውሮታል ማለት ነው። የመሪው ጥርስ፣ የፍሬኑ መርገጫና የአየር ከረጢቱ በዘፈቀደ የተገጣጠሙባት መኪና ደግሞ ቁልቁለት ላይ ሰው ትገድላለች። መካኒኩ ይህን ሲናገር ድምፁ ከፍ አለ፤ እንዲህ ያሉትን ሲጠግን የኖረ ሰው ነው።

ስለዚህ ሊብሬው ፈረንሳይ የተሠራች ግራ መሪ ያሪስ ነው፣ ብረቱ ደግሞ የጃፓን ቀኝ መሪ ቪትዝ ነው። ሁለት መኪና በአንድ ማስታወቂያ።

በዚህን ጊዜ ነገሩ ኮንትሮባንድ መሰለን። እንዲህ ያለ ነገር ድንበር ላይ አለ፤ የተጋጨችና ከሥራ የወጣች መኪና ሊብሬ ቀረጥ ላልተከፈለባት ሌላ መኪና ይለበሳል። እንደዚያ ከሆነ መኪናዋ በእርግጥ አለች፤ አደጋው የሚመጣው ከተገዛች በኋላ ነው። ከተማ ውስጥ ወራት ልትነዳ ትችላለች። ካራማራን ተሻግራ ወደ ሐረር ስትወርድ ወይም ለዓመታዊ ምርመራ ስትቀርብ ቁጥሩ ይመሳከራል። በጉምሩክ አዋጅ ቁጥር 859/2006 መሠረት ኮንትሮባንድ ሆኖ የተገኘ ዕቃ ይወረሳል፤ ገዢው «እኔ ገንዘቤን ከፍዬ ነው የገዛሁት» ማለቱ መኪናዋን አያስመልስለትም። ኤዶ ይህን ሲሰሙ መኪናዋን ተዋት። ታሪኩ እዚህ ላይ ሊያበቃ ይችል ነበር።

እኔን ግን አንድ ነገር አላሳረፈኝም። ኮንትሮባንድ የሚሸጥ ሰው ዕቃውን ያሳያል፤ ትርፉ ያለው ዕቃው ላይ ነውና። ይኼ ሰው መኪናዋን እንድናይ አንድም ጊዜ አልጋበዘንም።

ፎቶውን ጉግል ሌንስ ላይ አስገባሁት። ምንም የሚረባ ነገር አልመጣም፤ ነጭ መኪናዎች ብቻ ተደረደሩ። ከዚያ መካኒኩ መልሶ ቀና ያደረገውን፣ መሪው በቀኝ ያለውን አስገባሁ። በሴኮንድ ውስጥ ያችው መኪና ወጣች፤ ያው ጎማ፣ ከጀርባዋ ያው አጥር። ገጹ ያገለገሉ መኪኖችን ከጃፓን ወደ ውጭ የሚልክ የአንድ ነጋዴ ነው፤ መኪናዋ ከተሸጠች ቆይታለች። በነጭ ቀለም የተሸፈነው ቦታ ላይ ታርጋ አልነበረም፤ የነጋዴው የዕቃ ቁጥር የተጻፈበት ሰሌዳ ነው። ፎቶው የተገለበጠው መሪውን ወደ ግራ ለማሻገር ብቻ አልነበረም። ፍለጋን ለማሳትም ነበር። ይህን ሳውቅ ከፊቴ ያለው ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሞክር ጀማሪ እንዳልሆነ ገባኝ።

ነጯ ቪትዝ ጅግጅጋ የለችም። ቶጎ ውጫሌም የለችም። ይህ ሰው ከፎቶ በቀር መኪና የሚባል ነገር የለውም።

ቀጥሎ የቀረው ገንዘቡ ነው። ሰውየው ቀብዱ እንዲላክለት የሰጠው ስልክ ቁጥር ከሚደውልበት የተለየ ነው። የኤዶ ልጅ ገንዘብ ሳይልክ ቁጥሩን ብቻ አስገባ፤ የተቀባዩ ስም ስክሪኑ ላይ ወጣ፤ የሴት ስም ነው። ሊብሬው በአንድ ወንድ ስም ነው። በስልክ የሚያናግረን ደግሞ ራሱን በሌላ ስም ነው ያስተዋወቀን። ሦስት ስም። ስለ ሴትዮዋ ሲጠየቅ «እህቴ ናት፣ የኔ አካውንት ተበላሽቶ ነው» አለ፤ ስለ ሊብሬው ሲጠየቅ «ባለቤቱ ወንድሜ ነው፣ ውክልና አለኝ» አለ። ለእያንዳንዱ ጥያቄ መልስ ነበረው። ችግሩም ይኸው ነው፤ ተናጋሪውን፣ የሊብሬውን ባለቤትና ገንዘብ ተቀባዩን የሚያገናኛቸው የሱ ቃል ብቻ ነበር።

እዚህ ላይ ስለ አካባቢው አንድ ነገር መናገር አለብኝ፣ የአጭበርባሪው ጉልበት ከዚህ ይመነጫልና። በጅግጅጋ ገንዘብን በቃልና በስልክ መላክ የቆየ፣ የተከበረም ነገር ነው። ቡራኦ ውስጥ በ1970 እ.ኤ.አ የተመሠረተው ዳሃብሺል፣ የ1988ቱ ጦርነት መሥራቹን ወደ ኢትዮጵያ ሲያሰድደው ሥራውን እንደገና የጀመረው በስደተኞች መካከል ነው። ከጅግጅጋ ብዙም የማይርቀው ሐርተ ሼክ በዚያ ዘመን በዓለም ትልቁ ከሚባሉት የስደተኛ መጠለያዎች አንዱ ነበር፤ የተበተነው ቤተሰብ ሁሉ ተስፋው ሐዋላ ነበር። ከወሰኑ ማዶ ቴሌሶም ዛድ የተባለውን የሞባይል ገንዘብ በ2009 እ.ኤ.አ ጀመረ፤ ቴሌብር ሥራ የጀመረው በግንቦት 2013 ዓ.ም ነው። በመሐሉ ዛሬ ሸበሌ ባንክ የሆነው የሶማሌ ማይክሮ ፋይናንስ ተቋም ሄሎካሽን ይዞ ወደ ገበያው ገባ። ሻይ የምትሸጠዋም ፍየል ነጂውም በስልክ ይገበያያሉ።

ይህ ሁሉ የቆመው ግን ሁለቱም ጫፎች በመታወቃቸው ነው። ሐዋላ የላከ ሰው ወኪሉን ያውቀዋል፣ ወኪሉ ተቀባዩን ያውቀዋል፤ ጥርጣሬ ካለ የማን ልጅ እንደሆነ ተጠይቆ ሽማግሌ ቤት ይደረሳል። የማይከፍል ወኪል በነጋታው ደንበኛ አያገኝም። የቴሌግራሙ ሰውዬ ከዚህ ሥርዓት ፍጥነቱን ብቻ ወስዶ ትውውቁን ጥሎታል። «ኤዶ» ብሎ ይጠራቸዋል፣ የሰፈራቸውን ስም ያነሳል፣ «በአላህ» ይላል። ሰውን የሚያሳምነው የዝምድናው ቋንቋ ነው፤ ዝምድናው ግን የለም።

አሠራሩ የኛ ፈጠራ እንዳልሆነ ስረዳ ይበልጥ ግልጽ ሆነልኝ። ርምኒኩ ቭልቸያ የምትባል የሮማኒያ ከተማ አለች። ከሁለት ዐሥርት ዓመታት በፊት ከዚያች ከተማ የሚነሱ ወጣቶች የሌለ መኪና በኢንተርኔት ለአሜሪካውያን ይሸጡ ነበር። ገዢው ሲስማማ የታወቀ ኩባንያ ዓርማ ያለበት ሐሰተኛ ደረሰኝ ይልኩለታል፤ ገንዘቡ «በአደራ» እንደሚያዝና መኪናዋ ስትደርስ ለሻጩ እንደሚለቀቅ ይነግሩታል። መርማሪዎች ለብዙ ጊዜ ማስታወቂያዎቹን ተከታትለው የትም አልደረሱም፤ አንዱ ሲዘጋ ሌላው ይከፈታልና። መንገዱ የተገኘው ገንዘቡን በመከተል ነው። አሜሪካ ውስጥ ተቀምጠው በሐሰተኛ ፓስፖርት የባንክ ሒሳብ የሚከፍቱ፣ ገንዘቡንም ተቀብለው የሚያስተላልፉ ሰዎች ነበሩ፤ በቡድኑ ውስጥ «ቀስት» ይባላሉ። በሐምሌ 2011 እ.ኤ.አ የአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር በሁለቱ አገሮች ከ100 በላይ ሰዎች መያዛቸውንና መከሰሳቸውን አስታወቀ። ወንጀሉ ግን አልጠፋም። የኤፍቢአይ የኢንተርኔት ወንጀል አቤቱታ ማዕከል ከግንቦት 2014 እስከ ታኅሣሥ 2017 እ.ኤ.አ ባለው ጊዜ በዚህ ዓይነት የመኪና ሽያጭ ብቻ ወደ 27 ሺህ አቤቱታ ተቀብሏል፤ የጠፋው ገንዘብ ከ54 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነው።

የኛዋ «እህቴ ናት» የተባለችው ሴት የእነዚያ «ቀስቶች» ቦታ ላይ ያለች ናት። ምናልባትም ምንም የማታውቅ፣ ስልኳን ወይም መታወቂያዋን ለጥቂት ብር ያዋሰች ልጅ ትሆናለች። ፖሊስ መጀመሪያ የሚያገኛትም እሷን ነው። ለዚህ ነው ወጣቶች ሲም ካርዳቸውንና ሒሳባቸውን ለማንም እንዳያውሱ አጥብቄ የምለምነው።

አርብ ረፋድ ላይ የኤዶ ልጅ «ገንዘቡን በእጄ ይዤ እመጣለሁ፣ መኪናዋን ልያት» አለው። መኪናዋ ጅግጅጋ ናት ይል የነበረው ሰው አሁን ቶጎ ውጫሌ ጉምሩክ ግቢ ናት አለ። ልጁ «እሺ፣ ውጫሌ እመጣለሁ» ሲለው፣ ለትራንዚተሩ 15 ሺህ ብር ቀድሞ ካልተከፈለ ግቢው እንደማያስገባ ነገረው። ቀብዱን የላከ ሰው ቢሆን ኖሮ ቀጣዩ ጥያቄ ይህ ነበር ማለት ነው፤ ከዚያ የመጋዘን፣ ከዚያ የማኅተም፣ ገዢው የላከውን ላለማጣት ሲል ሌላ እየላከ ይሄዳል። ልጁ እምቢ አለ። ከሰዓት በኋላ ስልኩ ተዘጋ። በሳምንቱ ያው ፎቶ፣ ያው ነጭ መሸፈኛ፣ በሌላ ቻናል ላይ «ድሬዳዋ ያለች» ተብሎ ወጣ፤ ስልኩ ሌላ ነው፣ ዋጋው 640 ሺህ።

ስለ ቀብድ ሕጋችን ግልጽ ነው። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1885 መሠረት ቀብድ የሰጠው ሰው ውሉን ቢያፈርስ ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለው ቢያፈርስ እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። ጥሩ ሕግ ነው። የሚሠራው ግን ተቀባዩ ማን እንደሆነ፣ የት እንደሚኖር ሲታወቅ፣ በወረቀትም ሲፈረም ነው። ማታለል በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 692፣ በኮምፒዩተር ሲፈጸም ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 958/2008 ያስቀጣል። ፍርድ ቤት የሚቀጣው ግን የተያዘን ሰው ነው።

ኤዶ ከዚህ በኋላ ምን እንደሚያደርጉ ጠየቁኝ፤ እንደነገርኳቸው እጽፈዋለሁ። ማስታወቂያ መመልከት አይከፋም፤ እኔም እመለከታለሁ። መኪናዋን በቀን፣ መካኒክ ይዘው፣ በአካል ሳያዩ ግን አንድ ብር አይላኩ። ኮፈኑን አስከፍተው የሻንሲና የሞተር ቁጥሩን በዓይንዎ ከሊብሬው ጋር ያመሳክሩ፤ በፎቶ አይሁን። ታርጋው «ሶማ» ከሆነ ፋይሉ ያለው እዚሁ ክልል ትራንስፖርት ቢሮ ነው፤ ባለቤቱ አብሮ ሄዶ ፋይሉ ይታይ፣ የባንክ ዕዳ ወይም የፍርድ ቤት እገዳ ያለባት መኪና በዚያ ትታወቃለች። ከውጭ የገባችበት የጉምሩክ ዲክላራሲዮን ይታይ። ሻጩ ባለቤቱ ካልሆነ የውክልናውን ወረቀት ይዘው ወደ ሰጠው መሥሪያ ቤት ይሂዱ፤ ወካዩ በማንኛውም ቀን ሊሽረው የሚችል ወረቀት ነው፣ ተሽሮም ሊሆን ይችላል። በውክልና ብቻ ገዝቶ ስም ሳያዛውሩ መንዳት በአገራችን የተለመደ ቢሆንም እኔ አልደግፈውም፤ በሊብሬው ላይ ስምዎ እስካልተጻፈ ድረስ መኪናዋ ለሌላ ሰው ዕዳ ልትያዝ ትችላለች። ክፍያው ውል በሚረጋገጥበት መሥሪያ ቤት፣ በፊርማው ቀን፣ በሊብሬው ባለቤት ስም በተሠራ ሲፒኦ ወይም ወደ ራሱ የባንክ ሒሳብ ይሁን። ሻጭም ከሆኑ የከፋይን ስክሪንሾት አይመኑ፤ ብሩ ሒሳብዎ ውስጥ መግባቱን ራስዎ ከፍተው ይዩ፣ ቁልፉን ከዚያ በኋላ ይስጡ።

በጅግጅጋ፣ በድሬዳዋና በሽኒሌ የመኪና ቻናል ላላችሁ ወንድሞች አንድ ጥያቄ አለኝ። ማስታወቂያ ከመለጠፋችሁ በፊት ሻጩን ሁለት ነገር ብቻ ጠይቁት፤ የሻንሲ ቁጥሩን ከብረቱ ላይ፣ የዕለቱ ቀን የተጻፈበት ወረቀት አጠገቡ አስቀምጦ ያንሳው፤ ከኋላ የተነሳ ፎቶም ይላክ። መኪና ያለው ሰው በዐሥር ደቂቃ ያደርገዋል። የሌለው አይመለስም።

ገንዘብ ልካችሁ የተታለላችሁ ካላችሁ ደግሞ በኀፍረት ቤት አትቀመጡ። ንግድ ባንክ ከሆነ 951፣ ቴሌብር ከሆነ 127 በዚያው ሰዓት ደውሉ፤ ብሩ ከተቀባዩ ሒሳብ ሳይወጣ ሊታገድ የሚችለው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ነው። ማስታወቂያውን፣ መልእክቶቹንና የግብይቱን ቁጥር ሳታጠፉ ይዛችሁ ፖሊስ ጣቢያ ሂዱና ቃላችሁን ስጡ፤ ያ ስልክ ቁጥር ዛሬም ለሌላ እናት እየደወለ ነው።